የጸሓፊው እጅና የቶርኖው መሮ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይሠራል ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ ቡና ቤት ተቀምጦ ሰው ያማል፣ ኳስ ያያል፣ ወይም ጋደም ብሎ ሰኞን ይጠብቃል። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ በዚሁ ሥርዐት እኖር ነበር። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ሸሚዝ ለብሼ በሰፈራችን ወደሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት እሄዳለሁ። ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ ዘመድ ጥየቃ ነው እላቸው ነበር። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ እንደሆነ ዘመዴ እንጨት መሆኑን ዛሬ ያውቁታል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የወንበር እግር ነው። የቤታችን ወንበር እግሩ ተሰብሮ እናቴ «አሠርተህ ና» ብትለኝ፣ ዐርብ ማታ ከሥራ ስወጣ ይዤው ሄድሁ። ባለሙያው ሽማግሌ ሰው ናቸው። የተሰበረውን እግር አገላብጠው አዩና አራት ማዕዘን የሆነ የዋንዛ ቁራጭ በሁለት ጫፉ አስረው ሞተሩን ለቀቁት። እንጨቱ መልኩ እስኪጠፋ ዞረ፤ እርሳቸውም መሮውን በማረፊያው ብረት ላይ አስደግፈው ሲያስጠጉት ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወርድ ጀመር። ማዕዘኑ ክብ ሆነ፤ ክቡም አንገትና ሆድ አወጣ። እኔ አንድ ደብዳቤ አርቅቄ፣ በሦስት አለቃ አሳርሜ፣ አስፈርሜ እስካወጣ ሳምንት ይፈጅብኛል። እርሳቸው ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ከቀሩት ከሦስቱ የማይለይ እግር ፈጸሙ። «እኔም ልሞክረው?» አልኋቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «እርስዎ? በመጀመሪያ ይህን ክራቫት ያውልቁ፤ ማሽኑ ቢይዘው አንገትዎን አይለቅም» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፤ የቶርኖ ነገር እንዲህ ነው። በሌላው የእንጨት ሥራ እንጨቱ ተይዞ ይቆማል፤ መጋዙ ወይም መላጊያው ይመላለሳል። በቶርኖ ግን የሚሄደው እንጨቱ ነው፤ መሣሪያው ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጉልበት ብዙ አይረዳም። የሚረዳው አያያዝ ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ ከስለቱ በታች ያለውን የተሞረደውን ጀርባ በሚዞረው እንጨት ላይ ማሳረፍ፣ ቀጥሎም እጀታውን ቀስ ብሎ እያነሡ ስለቱን ማስነከስ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ እንደሆነ ስለቱ ያለ ደጋፊ ይገባና እንጨቱ መሮውን ይነጥቃል። ፍጥነቱም በስሌት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ጠርዙ በደቂቃ 157 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያው ዙር 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበታ ቢታሰር ግን የጠርዙ ጉዞ ከ940 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ዕቃው በሰፋ ቁጥር ዙሩ ይቀነሳል። ይህን ሒሳብ ለፈተና ተምሬው ከፈተና በኋላ ረስቼው ነበር፤ ፊት ለፊቴ ሲዞር ካየሁት ወዲህ ግን አልረሳውም።

በሦስተኛው ቅዳሜ መሮዬን በጀርባው ሳላሳርፍ ገፋሁት። ጠመንጃ የተተኮሰ ያህል ጮኸ፤ እንጨቱ ተሰንጥቆ ከግድግዳው ጋራ ተላተመ፤ መሮውም ከእጄ ወጣ። ሽማግሌው ሞተሩን ዘግተው «አንተ ልጅ! እጅህን አሳየኝ!» አሉ። እጄ ደኅና ነበር፤ ጉልበቴ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ እኒህ አባቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ስለ ልብሴና ስለ ዲግሪዬ «እርስዎ» ይሉኝ ነበር፤ ብለምናቸውም እምቢ ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «አንተ» ሆኜ ቀረሁ። በምረቃ ቀን ከተሰጠኝ ማዕርግ ይልቅ ይኸኛው አኩርቶኛል ብል ማጋነን አይደለም።

እናቴ ግን በዚያው ማታ በጠጉሬ ላይ ሰጋቱራ አይታ «የተማርኸው ለዚህ ነው? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። በእርስዋ አልፈርድም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ሁሉ በገዛ ሙያው ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሁት እኔም ዘመድ ጥየቃ ነው እያልሁ ስዋሽ ከርሜያለሁ።

ሌላው ቀርቶ ንጉሥ እንኳ አላፈረበትም። እ.ኤ.አ. በ1725 የሞተው የመስኮብ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ከመንግሥት ሥራ በተረፈው ጊዜ ቶርኖ ላይ ቆሞ እንጨትና የዝሆን ጥርስ ይቀርጽ ነበር። አንድሬ ናርቶቭ የተባለውን ጥበበኛም በቤተ መንግሥቱ አስቀምጦ ማሽኖቹን ያሠራው ነበር፤ ከማሽኖቹም ዛሬ ድረስ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ቤተ መዘክር የሚገኙ አሉ። (የባለቅኔው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብርሃም ሐኒባል ያደገው በዚሁ ንጉሥ ቤት ነው፤ ይህ ግን ለሌላ እሑድ ይቆየን።)

ማሽን የሌለው ተማሪ ምን ያድርግ? ሞተር ከመምጣቱ በፊትም ቶርኖ ነበረ። ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራው በግብጻዊው ካህን በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ አንዱ ሰው በገመድ እንጨቱን ሲያዞር፣ ሌላው ሲቀርጽ ተሥሎ ይታያል። በእንግሊዝ አገር በበኪንግሃምሺር ደኖች የሚሠሩ የወንበር እግር ቀራጮችም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ የሚተጣጠፍ ቀጭን እንጨት ከበላይ አስረው፣ ከእርሱ የወረደውን ገመድ በሥራው ላይ ጠምጥመው፣ በታች በእግር ይረግጡት ነበር። ሲረግጡት እንጨቱ ወደ ሠሪው ይዞራል፣ መሮውም ይቀርጻል፤ ሲለቁት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መሮውም ይታገሣል። ይህን የመሰለውን መሣሪያ ሁለት ጓደኛሞች በትንሽ ወጪ ሊያቆሙት ይችላሉ።

ችኩል ሰው ግን በእንጨቱ ይፈተናል። ርጥብ እንጨት ለመቅረጽ እጅግ የቀለለ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ክብ ያልኸው ገበታ ሞላላ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ አለዚያም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንደሆነ ግድግዳውን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስወፍረህ ትተውና ለወራት ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለህ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ገና አስረህ ትጨርሰዋለህ። የእኔ ገበታ አሁን አልጋዬ ሥር ተራውን እየጠበቀ ነው።

የጨረስሁት ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የቡና ዘነዘና። ከደረቀ ወይራ የተሠራ ነው፤ ወይራ ከባድ ስለሆነ ክንድን ያግዛል። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት እንጂ ቫርኒሽ አልቀባሁትም፤ ከቡና ጋራ የሚገናኝ ነውና። አንገቱ ጥቂት ወደ አንድ ወገን ወፍሯል፤ እኔ ካልነገርኋችሁ አታዩትም። እናቴ ተቀብላ በመዳፏ መዘነችው፣ ምንም ሳትል አሮጌውን ከሙቀጫው አውጥታ ይኸኛውን አገባችበት።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ዘነዘናውን አንሥተው «ምን ያለ ጥሩ ነው፤ ከየት ተገዛ?» ቢሉ፣ እናቴ ጥቂት ዝም ብላ «አሠርተነው ነው» አለች። ማን እንደ ሠራው ግን አልተናገረችም።