እየሰመጠች የምትጠማ ከተማ

«ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ የሞላ!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። ሜክሲኮ ሲቲም በፋንታዋ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላት፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተቃውማ፣ ወረራውንም ሳትቀበል ቀርታለች። ውለታው በሁለቱም ከተሞች በስም ቀርቷል። የወዳጅን ችግር ማወቅ ደግ ነውና እነሆ፦ ያቺ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ እየሰመጠች ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የነፃነት ሐውልቷ ዘንድ መቆም ይበቃል። የነፃነት ትግሉ የተጀመረበት መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ1910 የተመረቀ ረጅም ዓምድ ነው። ጫፉ ላይ ባለ ክንፍ ወርቃማ ምስል ስላለ ሕዝቡ «መልአኩ» ይለዋል። ዓምዱ ጠንካራ መሠረት አለውና በቦታው ሲቀር፣ ዙሪያው ያለው ጎዳና ወረደ። ስለዚህ እግሩ ሥር 14 ደረጃዎች ተጨመሩለት። ባለሥልጣናት ሐውልት የሚያሳድጉበት አገር ብዙ ነው፤ መሬት እየሸሸ ሐውልት ያስረዘመበት ግን እዚህ ነው።

የነገሩ ሥር ሐይቅ ነው። በትውፊት 1325 ላይ የሜሺካ ሕዝብ ቴኖችቲትላንን የቆረቆረው በቴስኮኮ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራሮች የተከበበ፣ ውሃው መውጫ የሌለው ሸለቆ ነው። ሕዝቡ ከውሃው ጋር መኖር ያውቅበት ነበር። ጨዋማውን ከጣፋጩ የሚለይ ረጅም ግድብ ሠራ፤ ከሐይቁ ዳር ጭቃና ሣር እየደራረበ የእርሻ መደብ አበጀ። ሶቺሚልኮ በሚባለው ሰፈር እነዚህ መደቦች ዛሬም ይታረሳሉ፤ ገበሬው በጀልባ ይመላለሳል።

የስፔኑ ጦር መሪ ኮርቴስ በ1521 ከተማይቱን ከብቦ ሲያፈርሳት፣ ስፔናውያን በፍርስራሿ ላይ የራሳቸውን ገነቡ። ሐይቁን ግን በጠላትነት ነበር የሚያዩት። በ1629 ከተማዋን ያጥለቀለቀው ጎርፍ አምስት ዓመት ሳይወርድ ቆየ። በማዴሮ ጎዳና አንድ ማዕዘን ላይ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ የተሰካ የድንጋይ አንበሳ ራስ አለ፤ ውሃው የደረሰበት ልክ ነው። ከተማዋን ወደ ደረቅ መሬት እናዛውር የሚል ሐሳብ ያኔ ቀርቦ ነበር። የቤትና የገዳም ሀብቱ ብዙ ነው ተባለና ቀረ። በእኔ እምነት የከተማዋ ዕጣ የተቆረጠው ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ የዚያ ውሳኔ ዕዳ ክፍያ ነው።

ዕዳው ውድ ነበር። በመሐንዲሱ ኤንሪኮ ማርቲኔስ መሪነት ከጎርፉም በፊት በ1607 የተጀመረው ውሃ የማስወጣት ሥራ፣ ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያስ በ1900 ታላቁን ቦይ እስኪመርቅ ድረስ ዘለቀ። ሐይቁ ተንጠፍጥፎ አለቀ። ከተማዋም ጠማት። ጉድጓድ እየቆፈረች ከሥሯ ያለውን ውሃ መጠጠች። የአሮጌው ሐይቅ ወለል ውሃ የጠገበ ሸክላ አፈር ነው፤ ሲደርቅ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ይሟሽሻል። ናቦር ካርሪዮ የተባለው መሐንዲስ ይህን በ1940ዎቹ አስረዳ። በመሐል ከተማ መቆፈር ተከለከለ፤ ጉድጓዱ ወደ ዳር ሄደ፤ መስመጡም ተከትሎት ሄደ። መሐሉ በአንድ ክፍለ ዘመን 10 ሜትር ያህል ወርዷል። ዛሬ በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ሰፈርም አለ።

ታላቁ ቦይ በራሱ ቁልቁለት ይፈስ ዘንድ ነበር የተሠራው። መሬቱ ሲወርድ ቁልቁለቱን አጣ፤ ፍሳሹ በፓምፕ መገፋት ግድ ሆነበት። መጠጥ ውሃውም እንዲሁ፦ ኩትሳማላ ከሚባለው የውሃ ሥርዓት የሚመጣው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ተገፍቶ ነው። ከዚያም መሬቱ የሰባበራቸው ቧንቧዎች ከፊሉን በመንገድ ያስቀሩታል። ዝናቡን በገንዘብ አውጥቶ መጣል፣ ውሃውን በገንዘብ ማስገባት! በ2019 የተመረቀው 62 ኪሎ ሜትር የፍሳሽ ዋሻም የሚያገለግለው ለማውጣቱ ነው።

የሸክላው ዋጋ በ1985ቱ የመስከረም ርዕደ መሬት ታየ። የርዕደ መሬቱ መነሻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፓስፊክ ዳርቻ ነበር፤ የሐይቁ ወለል ግን ንዝረቱን አጎላው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በጥልቅ ምሰሶዎች ላይ የቆመው፣ በ1956 የተጠናቀቀው ላቲኖአሜሪካና ሕንፃ አልተነካም። ጎረቤቱ የኪነ ጥበባት ቤተ መንግሥት በክብደቱ ብዙ ሜትር ሰምጧል።

ከ1573 እስከ 1813 የተገነባው ካቴድራልም አንድ ጎኑ በጥንት ፍርስራሽ፣ ሌላው በለስላሳ አፈር ላይ ስላረፈ ጠሞ ነበር። መሐንዲሶች በ1990ዎቹ የወሰዱት እርምጃ ጉደኛ ነው፤ የሰመጠውን ከማንሳት ይልቅ፣ ያልሰመጠው ወገን ሥር አፈር እየቆፈሩ ዝቅ አደረጉት። ከጉልላቱ ቱንቢ ተሰቅሎ መዝመሙን ወለሉ ላይ ያሳያል። መስመጡ ግን አይቀለበስም፦ የተጨመቀ ሸክላ ውሃ ቢመለስለትም ወደ ቀድሞ ቁመቱ አይመለስም። ወደዚያ የሚጓዝ አንባቢ በወርቅ የተለበጡትን መሠዊያዎች አይቶ ሲጨርስ፣ ቱንቢውን ሳያይ እንዳይወጣ።