የራዳር ሞገድ በማዕድ ቤት፤ ጀርሙን የሚገድለው ማን ነው?

ከሌሊት ዘብ ለተመለሰ ባል የትናንቱ ወጥ ከማይክሮዌቭ ወጥቶ ሲቀርብለት፣ ዳር ዳሩ እየፈላ መካከሉ ቀዝቅዞ መገኘቱ በየቤቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። «ግድ የለም፤ ጨረሩ ጀርሙን ሁሉ ፈጅቶታል» ብሎ መመገብም ተለምዷል። ይህ እምነት ምን ያህል ትክክል ነው? በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምንመረምረው ይህንኑ ይሆናል።

እንደሚታወቀው ማይክሮዌቭ ከራዳር የተወለደ መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ፐርሲ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1945 ለራዳር የሚያገለግለው ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ ቀልጦ በማግኘቱ፣ ሞገዱ ምግብ ለማብሰል እንደሚበጅ ተገነዘበ። ዛሬ በየቤቱ ያለው መሣሪያ በሴኮንድ 2450 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ይለቃል። ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያናውጣል፤ ከመናወጡም ሙቀት ይፈጠራል። እንደ ኤክስሬይ የሕዋስን ውስጣዊ አካል የሚሰባብር ጉልበት ግን የለውም።

ታዲያ ጀርሙን የሚገድለው ማን ነው? ጎልድብሊዝና ዋንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጥናት፣ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በማይክሮዌቭና በተለመደው ሙቀት ፈትነው፣ የሙቀቱ መጠን እኩል እስከሆነ ድረስ የሚሞተውም መጠን እኩል መሆኑን አሳይተዋል። ገዳዩ ሙቀቱ እንጂ ሞገዱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደካማ ሞገድ የረቂቅ ሕዋሳትን እድገትና ምግብን ወደ ጉልበት የመለወጥ ተግባራቸውን ያፋጥናል ወይም ያዘገያል የሚሉ ጥናቶች ቀርበዋል፤ ሆኖም ውጤቱን ከሙቀት ለውጥ ለይቶ ማረጋገጥ አዳጋች በመሆኑ ክርክሩ አልተዘጋም።

ለቤተሰብ የሚበጀው ቁም ነገር ከዚህ ላይ ነው። ሞገዱ ወደ ምግቡ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የወፍራም ምግብ መካከል ለብ ብሎ ሊቀር ይችላል። ለብታ ደግሞ ለጀርም ሞት ሳይሆን ምቾት ነው። ኢ. ኮላይ በሚመቸው ሁኔታ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በየ20 ደቂቃው ገደማ በእጥፍ ይራባል፤ በዚህ ስሌት አንዱ በሦስት ሰዓት ውስጥ 512 ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ባሲለስ ሲሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ተቀቅሎ ሳይቀዘቅዝ በዋለ ሩዝ ላይ ይራባል፤ የሚያስመልሰውም መርዙ በማፍላት አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሩዝ የቱንም ያህል ብናሞቀው አናድነውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የተረፈ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ደጅ አይዋል፤ ማቀዝቀዣ ይግባ። ሲሞቅ ይከደን፤ በመካከሉ ወጥቶ በሚገባ ይማሰል፤ እንደገናም ይሙቅ። ከወጣ በኋላ ሙቀቱ እንዲዳረስ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቆይ። መካከሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ መለኪያ የሌለው ቤት ሁሉም ወገኑ እንፋሎት እስኪያወጣ ይጠብቅ።

ማሞቁም የባለቤት ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ከዘብ የተመለሰውም ማማሰያ ማንሳት አያቅተውም። መካከሉን ቀዝቃዛ ያገኘ ሰው ሳህኑን ወደ ምድጃው ይመልስ፤ ያቀረበችለትም አትቀየም። ዘብ አድሮ የመጣ ሰው አምስት ደቂቃ መጠበቅ አይከብደውም፤ ሆዱን ታሞ መተኛት ግን ለቤቱም ለጓዶቹም ሸክም ነው።