የዋሻውና የወፍጮው ሞተር

የጣና ውሃ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ለመድረስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይጓዛል። ማመንጫው በ2002 ዓ.ም ሲመረቅ ስለ 460 ሜጋዋቱ ብዙ ተወራ፤ አለቱን ስለፈለፈለው ሞተር ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። የዋሻ መቆፈሪያ ማሽን በናፍጣ የሚዞር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ናፍጣ ግን በጠባብ ዋሻ ውስጥ አየሩን ይጨርሳል፣ በጭስ ያፍናል። አለት የሚበላውን ግዙፍ ክብ ብረት የሚያዞሩት ከጀርባው የተደረደሩ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሮች ናቸው።

አይከል ከተማ ወፍጮ ቤት ጤፍና ማሽላ የሚፈጨው ሞተርም ዘሩ ያው ነው፤ የሚለየው በመጠን ነው።

የምወደው ነገር ይኸውላችሁ። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ እስከሚሽከረከረው ክፍል፣ እስከ ሮተሩ፣ በሽቦ የሚገባ ይመስለዋል። አይገባም። የሦስቱ ፌዞች ከረንት በቆመው ክፍል ጥምጥም ውስጥ ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ሲል መግነጢሳዊ ኃይሉ ይዞራል፤ በእኛ 50 ኸርዝ፣ ባለ አራት ዋልታ ከሆነ፣ በደቂቃ 1500 ጊዜ። ይህ ኃይል በሮተሩ ዘንጎች ውስጥ ከረንት ይቀሰቅሳል፤ ሮተሩም ይከተለዋል። ይከተለዋል እንጂ አይደርስበትም! ከደረሰበት ከረንቱ ይጠፋል፣ ጉልበቱም ያልቃል። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ 1500 ሳይሆን 1440 ወይም 1450 የሚጻፈው ለዚህ ነው። መሐንዲሱ ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በ1889 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ የሠራው ይህ ሞተር የሚፋቅ ካርቦን የለውም፤ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቀው በዋናነት ኩሽኔታው ነው።

ታዲያ የወፍጮው ሞተር ለምን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል? ሰው ስለሚያቃጥለው ነው። አንድ ወፍጮ ቤት ሞተሩ እያጓራ አልነሳ ሲል ልጁ ቺንጋውን በእጁ እየጎተተ ሊያስነሳው ሲታገል አይቻለሁ። አንድ ፌዝ ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ተገፍቶ ቢነሳ እንኳ ጭነቱ በቀሩት ሁለት መስመሮች ላይ ያርፍና የሽቦው ቫርኒሽ ይከስላል። ከዚያ ጥፋቱ በሞተሩ ይላከካል፤ ይጠመጠማል፤ በወሩ ደግሞ ይቃጠላል። እጅ ለቺንጋ መስጠቱማ ከሞተሩም የከፋ አደጋ ነው።

ወፍጮ ያላችሁ ሁሉ፣ ፌዝ ሲጎድል የሚያጠፋ መከላከያ አስገጥሙ። የኦቨርሎድ መከላከያውን የሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ አድርጉት፤ ደጋግሞ ቢያጠፋባችሁ ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ በሽቦ አትዝለሉት። ሞተሩ ሲያጓራም መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ።