ያልታየ ስሕተት አይታረምም
ስለ ማኅበራዊ መገናኛ መረብ መሐንዲሶች የሥራ ልማድ

ስለ ማኅበራዊ መገናኛ መረብ በየትምህርት ቤቱ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ተማሪዎች በስልካቸው ላይ ስለሚያጠፉት ጊዜ ነው። ከመረቡ በስተጀርባ ስላሉት ሠራተኞች፣ ሥራውን እንዴት ተከፋፍለው እንደሚሠሩትና ሲሳሳቱ ምን እንደሚያደርጉ ግን እምብዛም አንነጋገርም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ነው። ለመነሻ ያህል አንድ ምሽት እንመልከት።

በአል-ማንሺያ አንድ ምሽት

አል-ማንሺያ በካርቱም ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰፈር ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በካርቱም በርካታ ኢትዮጵያውያን በሰው ቤት ሥራ፣ በሻይና በምግብ ንግድ እየተዳደሩ ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ አንዷ በአል-ማንሺያ ተቀጥራ የምትሠራ፣ እናቷ ጎንደር ያሉ ልጅ ናት እንበል። የላከችው ገንዘብ መድረሱን የምታረጋግጠውም ሆነ የእናቷን ድምፅ የምትሰማው በዋትስአፕ ነው።

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021) ሰኞ፣ በካርቱም ከቀኑ 11 ሰዓት ከ40 ገደማ ዋትስአፕ ዝም አለ። ፌስቡክና ኢንስታግራምም አብረው ዝም አሉ፤ ሦስቱም የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸውና። ዝምታው ስድስት ሰዓት ያህል ቆየ። ልጅቷ መጀመሪያ ስልኳ የተበላሸ ይመስላታል። ቀጥላም መንግሥት መስመሩን ዘጋው ብላ ትሠጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጁን 3 ጀምሮ በሱዳን የሞባይል ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳለችና። የዚያን ምሽት ምክንያት ግን ሌላ ነበር።

ምን ተበላሸ?

ነገሩ ኩባንያው በማግሥቱ ባወጣው ዝርዝር መግለጫ ላይ ተብራርቷል። የኩባንያው ኮምፒዩተሮች በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች ውስጥ ተከማችተው፣ በዋና የመገናኛ መስመሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። በዚያን ዕለት መሐንዲሶች በተለመደ የጥገና ሥራ ላይ ሳሉ፣ የዋናውን መስመር አቅም ለመለካት አንድ ትእዛዝ ለማሽኖቹ ሰጡ። ትእዛዙ ግን ሳይታሰብ መስመሮቹን ሁሉ አቋረጠ። እንዲህ ያለውን አደገኛ ትእዛዝ መርምሮ የሚያግድ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ ጉድለት ስለነበረበት ትእዛዙን አሳለፈው።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለተኛው ችግር መጣ። በኢንተርኔት ላይ የአንድን ድርጅት ስም ስንጽፍ፣ ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጡ እንደ ስልክ ማውጫ የሚያገለግሉ ኮምፒዩተሮች አሉ። የኩባንያው ማውጫዎች ከመረጃ ማዕከሎቹ ጋር መነጋገር ካቃታቸው፣ ችግሩ የራሳቸው እንደሆነ ቆጥረው አድራሻቸውን ለዓለም ማስታወቅ እንዲያቆሙ ታዘው ነበር። አንዱ ማውጫ ቢታመም ሌላው እንዲተካው የታሰበ መልካም ሥርዓት ነው። በዚያ ምሽት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አቆሙ። ስለዚህ ቤቱ ሳይፈርስ፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ከካርታው ላይ ጠፋ።

ሦስተኛው ችግር ከሁለቱ የባሰ ነበር። መሐንዲሶቹ ብልሽት የሚመረምሩባቸው መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚያው በተቋረጠው መረብ ነበር። በመጨረሻ ሰዎች ራሳቸው ወደ መረጃ ማዕከሎቹ መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ማዕከሎቹ ደግሞ ለጥበቃ ሲባል በቀላሉ እንዳይገባባቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

መስመሩ ከተመለሰም በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልከፈቱትም። በየማዕከሉ የኤሌክትሪክ ፍጆታው በአሥር ሜጋዋቶች የሚቆጠር ቀንሶ ስለነበር፣ በድንገት ቢመለስ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ሊጎዳ ይችል ነበር። ቀስ በቀስ ለመክፈት የረዳቸው የቆየ ልምምዳቸው ነው። ይኸውም አንድን ማዕከል ወይም አንድን አካባቢ ሆን ብለው ከሥራ እያወጡ የሚያደርጉት ፈተና ነው፤ እነሱ «ማዕበል» ይሉታል። ሆኖም ዋናው መስመር በሙሉ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ከዚያ በፊት ፈትነው አያውቁም ነበር።

የሥራው ልማድ እንዴት አደገ?

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጠቃሚዎቹ 1 ሚሊዮን፣ በ2012 ደግሞ 1 ቢሊዮን ደረሱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራተኞቹ መፈክር «ፍጠን፣ የሚሰበር ካለም ይሰበር» የሚል ነበር። አዲስ መሐንዲስ ሲቀጠር የስድስት ሳምንት ያህል ሥልጠና ይሰጠው ነበር። ሥልጠናውም በንግግር ብቻ ሳይሆን፣ ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በእውነተኛው ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ስሕተቶችን በማረም ነበር። የሚሠራበትን ቡድን ይመርጥ የነበረውም ከዚህ በኋላ ነው።

ትንሽ ቡድን ትልቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ዋትስአፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 በፌስቡክ ሲገዛ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ሲኖሩት፣ መሐንዲሶቹ 32 ብቻ ነበሩ። ተማሪዎች ይህን ቢያካፍሉት ለአንድ መሐንዲስ ከ14 ሚሊዮን ሰው በላይ እንደሚደርስ ያገኛሉ። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ አንድን ነገር ብቻ አጥርቶ የሚሠራ ቡድን ብዙ ሰው ሊያገለግል እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ የአንድ ሰው ስሕተት የሚደርስባቸው ሰዎች ብዛት ነው። ለሺህ ተማሪ በሚሠራ መረብ ላይ የሚሰበር ነገር ይሰበር ቢባል ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የጎንደሯ እናት ድምፅ በሚያልፍበት መረብ ላይ ግን ቀላል አይደለም። ኩባንያውም በ2014 መፈክሩን ለውጦ፣ ፍጥነቱ በጸና መሠረት ላይ እንዲሆን የሚል አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ ባወጣው ጽሑፍ ላይ ልብ የሚባል ነገር ይገኛል። ሕዝቡ ቅዳሜና እሑድም በመረቡ ይጠቀማል፤ ብልሽት ግን በእነዚህ ቀናት ያንሳል። ማሽን በእሑድና በማክሰኞ መካከል ልዩነት አያውቅም። ልዩነቱ የመጣው ሰዎች በሥራ ቀን ፕሮግራሙን ስለሚለውጡ ነው። እንግዲህ የአብዛኛው ብልሽት ምንጭ የሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ኩባንያው ከከባድ ብልሽት በኋላ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የሚወያይበት ልማድ አለው። የውይይቱ ጥያቄዎችም አራት ናቸው፦ ስሕተቱ እንዴት ታየ? ማስተካከል የሚችሉት ሰዎች በጊዜው ተጠሩን? በምን ተስተካከለ? ዳግመኛ እንዳይደርስ ምን ይደረግ? ዓላማው ከደረሰው ነገር መማር ነው። የሚቀጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ አድጎ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት

ከአራቱ ጥያቄዎች ዋናው የመጀመሪያው ነው። ስሕተቱን ያላየ ቡድን ወደቀሩት ሦስት ጥያቄዎች አይደርስም። የሰኞውን ዝምታ ዓለም በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ አየው። በማግሥቱ ማክሰኞ ግን የቀድሞ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስለ ሌላ ዓይነት ጉድለት ተናገረች። ይኸውም መረቡ በደኅና እየሠራ ሳለ፣ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የጎሣ ግጭትን እያባባሰ ነው የሚል ነበር።

ይህ ነገር ለመምህራን የቅርብ ነው። በኖቬምበር 2021 በባሕር ዳር አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ተገደሉ። ልጃቸው በዲሴምበር 2022 በናይሮቢ ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ ክስ አቀረበ። አባቱን ለአደጋ ያጋለጡ ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ እንደወጡና፣ ቢያመለክትም በጊዜው እንዳልተነሡ ይናገራል። ኩባንያው በበኩሉ አገሩን የሚያውቁ ሠራተኞች እንዳሉትና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ የሚወጡ ሕገ ወጥ ጽሑፎችን የመለየት ችሎታውን እያሳደገ መሆኑን ገልጿል። ፍርድ ቤቱ በአፕሪል 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ፍርዱን ለፍርድ ቤቱ እንተወው። ለእኛ ግልጽ የሆነው ይህ ነው፦ የተቋረጠን መስመር መሣሪያ ሊያመለክት ይችላል፤ በአማርኛ የተጻፈን የግድያ ጥሪ ግን አማርኛ የሚያውቅና አካባቢውን የሚረዳ ሰው ካላየው፣ ወይም እንዲህ ባሉ ሰዎች በሚገባ የተዘጋጀ መሣሪያ ካልለየው፣ ለቡድኑ ጤናማ ጽሑፍ ሆኖ ይታየዋል።

በክፍል ውስጥ

ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤታችን የሚጠቅም ነገር አለ። በላቦራቶሪ ሥራ የአንዱ ቡድን ውጤት ከሌሎቹ ሲለይ፣ ብዙውን ጊዜ ተማሪዎች ቁጥሩን ከጎረቤት ይገለብጣሉ። መምህሩ ይህን አስቀርቶ አራቱን ጥያቄዎች በሰሌዳ ላይ ቢጽፍና፣ ስሕተቱን ላገኘ ቡድን ትክክለኛ ውጤት ካገኘው ጋር የሚመጣጠን ማርክ ቢሰጥ፣ ተማሪው ስሕተትን መናገር ይለምዳል። ቡድን ሲደለደልም አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲመረምር ኃላፊነት ይሰጠው፤ መርማሪውም ራሱ እንደሚሳሳት የሰኞው ምሽት አሳይቶናልና፣ የእሱንም ሥራ የሚያይ ይኑር።

ለተማሪዎችም የምንለው አለን። ሒሳብና ፊዚክስ በርትታችሁ ተማሩ፤ ቋንቋችሁንም አትናቁ። የአል-ማንሺያዋ ልጅ እናቷ ጋር የምትደርስበት መረብ ዛሬም በሰዎች እጅ የሚጠገን ነው። ጦርነቱ ብዙዎችን ከካርቱም በትኗቸዋል፤ በዚያው መጠን የመረቡ ደኅንነት ለእነሱ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። በመሐንዲሶቹ መካከል የእናትየዋን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ሊኖር ይገባል። ያ ሰው ዛሬ ከእናንተ መካከል በአንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።