የኋላው ፍሬን በጉልበት አይመለስም

ከደመወዙ እየቆጠበ ያገለገለ አውቶሞቢል የገዛ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር የሚረዳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መኪና ከመግዛት ይልቅ መኪና ማኖር የሚከብድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዘይት መቀየሩን፣ ካንዴላ ማጽዳቱን፣ የፍሬን ሸራ መለወጡንም በገዛ እጁ ለመሥራት የሚነሣው ሰው ጥቂት አይደለም። ሙከራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የፊቱን ፍሬን በሰላም ለውጦ የጨረሰ ሰው ወደ ኋላው ጎማ ሲዞር እንግዳ ነገር ይገጥመዋል፤ ፒስተኑ አልገባም ይላል። ውድ አንባቢ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎ ጉልበት ከመጨመርዎ በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይገባዎታል።

የዲስክ ፍሬን አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬዴሪክ ላንቸስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ ነበር። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ግን በ1953 ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት የጃጓር አውቶሞቢል በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድድም ባሸነፈ ጊዜ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ሰሃን አለ፤ እርሱ ዲስኩ ነው። ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የያዘው ብረት ካሊፐር ይባላል። ፔዳሉን ሲረግጡ የፍሬን ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ሸራው እየሳሳ በሄደ መጠን ፒስተኑም ከቤቱ እየወጣ ይቀራል። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለ ሆነ ቦታ የሚያገኘው ፒስተኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ ብቻ ነው።

የፊቱ ፒስተን ብዙውን ጊዜ ሥራው አንድ ስለ ሆነ በሞርሳ ቀስ ብለው ቢጫኑት ቀጥ ብሎ ይገባል። የኋላው ግን በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ሁለት ጌታ ያገለግላል፤ የእግር ፍሬንና የእጅ ፍሬን። ለምሳሌ ያህል ከ1997 ጀምሮ የተሠራውን አራተኛውን ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ እንውሰድ። የኋላ ጎማው ዲስክ ያለው ከሆነ፣ የእጅ ፍሬኑ የሽቦ ገመድ በካሊፐሩ ጀርባ ያለውን ክንድ ሲስበው፣ በፒስተኑ ውስጥ የተቀመጠ ባለ ጥርስ ብሎን ፒስተኑን ይገፋዋል። ሸራው ሲሳሳ የእጅ ፍሬኑ እንዳይላላ ይህ መሣሪያ በራሱ እየተፈታ ርዝመቱን ያስተካክላል።

እንግዲህ በብሎን ላይ የተጠመጠመ ዳዶ በመዶሻ ተመትቶ እንደማይገባ ሁሉ፣ ይህም ፒስተን በሞርሳ ተጨምቆ አይመለስም። ቢያስገድዱት የውስጡ ጥርስ ይጎዳል። ጉዳቱ ከውጭ አይታይም፤ የሚታየው መኪናውን በእጅ ፍሬን ተማምነው በእንጦጦ ዳገት ላይ አቁመው ሲወርዱ ነው።

ይሁን እንጂ የኋላ ካሊፐር ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፕራዶ ባሉት ላይ የእጅ ፍሬኑ በዲስኩ መካከል ባለው ታምቡር ውስጥ ለብቻው ስለሚሠራ ፒስተኑ እንደ ፊቱ ይገፋል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከካሊፐሩ ጋር ተያይዞ፣ በፒስተኑም ፊት ላይ ማዞሪያ የሚይዙ ጎድጓዳ ምልክቶች ካዩ፣ የሚዞር መሆኑን ይወቁ። የእጅ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አዳዲስ መኪናዎች ካሉዎት ደግሞ፣ ሞተሩ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ለጥገና ወደ ኋላ ሳይመለስ ፒስተኑን አይንኩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በኋላ ጎማ ሥራ ጊዜ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፤ ስለዚህ መኪናው በሜዳማ ቦታ ይቁም፤ የፊት ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዙ። የጎማውን ብሎኖች ከማንሣትዎ በፊት ላላ ያድርጓቸው። መኪናውን በክሪክ ካነሡ በኋላ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና አጠገብ መሥራት በነፍስ መቀለድ ነው።

ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ከፍተው ልኩን ይመልከቱ። ፒስተኑ ሲመለስ ዘይቱን ወደ ላይ ስለሚገፋው ዕቃው ሙሉ ከሆነ ይፈሳል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ የመኪና ቀለም ይበላል። ትርፉን በንጹሕ ስሪንጅ ይቅዱ። ካሊፐሩን ፈትተው ሲያወጡ በሽቦ ይሰሩት እንጂ በዘይት ቱቦው ላይ አያንጠልጥሉት።

ፒስተኑን ለማዞር የተሠራ መሣሪያ አለ፤ በፒንሳ መታገል ግን አቧራ የሚከላከለውን የጎማ ሽፋን ይቀዳል። መሣሪያውን በምልክቶቹ ላይ ገጥመው ትንሽ እየተጫኑ ያዙሩ። አብዛኞቹ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ይገባሉ፤ በአንዳንድ መኪና ግን የአንዱ ጎን ተቃራኒ ነው። እየጠነከረ ከሄደ ያቁሙና መመሪያውን ይመልከቱ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። የጎማ ሽፋኑ አብሮ እንዳይጠማዘዝ ይጠብቁ። የሸራው ጀርባ ጉጥ ካለው፣ ጉጡ በፒስተኑ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲያርፍ ፒስተኑን ያስተካክሉ። በትክክለኛው መሣሪያና አቅጣጫም አልዞር ካለ፣ ወይም ዘይት ሲያንጠባጥብ ካዩ፣ ነገሩ የመካኒክ ነው፤ ለእርሱ መስጠት ነውር የለውም።

ሁሉን መልሰው ከገጠሙ በኋላ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ፒስተኑ ገና ከሸራው ርቆ ስለሚገኝ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ ጠንክሮ እግርዎን እስኪመልስ ድረስ ደጋግመው ይርገጡ። የእጅ ፍሬኑንም ጥቂት ጊዜ ስበው ይልቀቁ፤ የዘይቱንም ልክ እንደገና ይዩ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታልና አይንዱት። ደኅና ከሆነ ግን በሜዳ ላይ በዝግታ ነድተው ፍሬኑን ይሞክሩ። ቁልቁለቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።