ሌሊት ማጥፋት ኪሳራ የሆነበት ቤት

በሰሜን ለንደን በአንድ የኪራይ አፓርታማ የሚኖሩ እናት "ማሞቂያዬ ተበላሸ" ብለው ኤሌክትሪሻን ያስጠራሉ። ግድግዳው ላይ የተገጠመው ከባድ ማሞቂያ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አጠገቡ ከሱቅ የተገዛ ባለማራገቢያ ማሞቂያ መሬት ላይ ተቀምጦ ያጓራል። ባለሙያው የትልቁን ሽፋን ፈትቶ አየ፤ ጡቦቹ አልተሰነጠቁም፣ የሚያግላቸውም ሽቦ አልተቃጠለም። ጠፍቶ ያገኘው የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

"እማማ፣ ይህን ማነው የሚያጠፋው?"

"እኔ ነኛ ልጄ! ሁሌ ማታ ማታ አጠፋዋለሁ። እኔ ተኝቼ ቆጣሪው ሲቆጥር ይደር እንዴ?"

ቤቱ የሚከፍለው ኢኮኖሚ ሰቨን በሚባለው ታሪፍ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ከ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ታሪፍ ሌሊት ለሰባት ሰዓት ያህል ዋጋውን ዝቅ ያደርግና ቀን ላይ ከተራው ታሪፍ አስበልጦ ያስከፍላል። የዚያ ቤት ማሞቂያ መስመር ኃይል የሚያገኘው በእነዚያ የሌሊት ሰዓታት ብቻ ነው። ጡቦቹ ሌሊት በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ግለው ያድራሉ፤ ቀን ላይ ሙቀታቸውን ቀስ እያሉ ይለቃሉ። እማማ ማሞቂያውን የሚያጠፉት ልክ መሙላት ሊጀምር ሲል ነው። ጠዋት ማብሪያውን ቢጫኑትም መስመሩ ኃይል የለውም፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ባለማራገቢያውን በውዱ ሰዓት ሲያነዱ ከርመዋል። ቤቱን ሲረከቡ ይህን ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ባለሙያውን እስካሁን የሚከነክነውም ይኸው ነው፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ማብራሪያ ነበር።

በዚያው ዕለት ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ የአንድ ሻጭ ዋጋ ማቅረቢያ አሳየ፤ ለራሱ ቤት ባትሪ ሊያስገጥም ነው። "ትልቁን ልግዛ? ትልቁ የበለጠ ይቆጥባል አሉኝ።"

ባለሙያውን ያታከተው ጥያቄ ይህ ነው። እናትየው ቁጠባ ማጥፋት ነው ብለው ያምናሉ፣ ልጁ ቁጠባ ዕቃ መግዛት ነው ብሎ ያምናል፤ ሁለቱም ሰዓቱን ረስተውታል። ባትሪ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። የሚያተርፈው ሌሊት በተገዛበትና ቀን ሊገዛበት በነበረው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከዚያም ላይ ሲሞላና ሲወጣ የሚባክነው ይቀነሳል። ብክነት የሌለበት ማከማቻ የለም። በሰሜን ዌልስ ተራራ ውስጥ የተሠራውና በ1984 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የዲኖርዊግ ጣቢያ ሌሊት በርካሽ ኃይል ውሃ ወደ ላይኛው ሐይቅ ይገፋል፣ ፍላጎት ሲያይል መልሶ ይለቀዋል። እሱም ቢሆን ከተቀበለው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል።

ስሌቱ በወረቀት ጀርባ ያልቃል። ለምሳሌ ሌሊት በኪሎዋት ሰዓት 9 ፔንስ፣ ቀን 27 ፔንስ እንበል። አሥር ኪሎዋት ሰዓት ለመጠቀም ብክነቱን ጨምሮ አሥራ አንድ ያህል መግዛት ያስፈልጋል፤ 99 ፔንስ ይሆናል። ቀን ቢገዛ 2 ፓውንድ ከ70 ነበር። ትርፉ በቀን 1 ፓውንድ ከ71፣ በዓመት 624 ፓውንድ አካባቢ ነው። ባትሪው ከነገጠማው 5,000 ፓውንድ ቢፈጅ በስምንት ዓመት ገደማ ራሱን ይከፍላል። ግን ያ ቤት ቀን ላይ የሚጠቀመው አምስት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ከሆነስ? ግማሹ ባትሪ ሳይነካ ይውላል፣ ስምንቱ ዓመት አሥራ ስድስት ይሆናል። የአብዛኞቹ ባትሪዎች ዋስትና ደግሞ ከአሥር ዓመት ብዙም አያልፍም። ይህን ሻጩ አይነግርም። ባትሪውን በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ወይም ደረጃ ሥር እገጥማለሁ የሚል ሻጭ ከመጣ ደግሞ ንግግሩ እዚያው ላይ ማብቃት አለበት፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የብሪታኒያ የደረጃዎች ተቋም መመሪያ ሁለቱንም ቦታ ይከለክላል፣ ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነው።

ባለሙያው ደንበኛን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቆጣሪህ ስንት ቁጥር ያሳያል?" ብሎ ነው። ሁለት ዋጋ ያለው ቤት የቀንና የሌሊት ሁለት ንባብ ይኖረዋል። ከፍጆታው ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን ሌሊት የማይጠቀም ቤት በኢኮኖሚ ሰቨን ይከስራል፤ ማሞቂያው ተነቅሎ ታሪፉ ግን እንዳለ የቀረባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ሰዓቱም ያሳስታል። ብዙ የቆዩ ቆጣሪዎች በበጋ ሰዓት ለውጥ አይንቀሳቀሱም፤ ለምሳሌ በክረምት ከሌሊቱ 6፡30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጀምረው ርካሽ ዋጋ በበጋ 7፡30 ላይ ይጀምራል። ከመተኛቱ በፊት የልብስ ማጠቢያውን የሚያስነሳ ሰው ሙሉውን አጠባ በውድ ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ጋዝ በሌለው ቤት ደግሞ ከባትሪ በፊት መታየት ያለበት የሙቅ ውሃ ታንከሩ ነው። ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ማሞቅ አሥር ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ያ ማለት በብዙ ሺህ ፓውንድ የሚሸጠው ባትሪ የሚይዘውን ያህል ኃይል ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። የሚያስፈልገው ወፍራም መሸፈኛና ሌሊት የሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ ነው። ሰዎች ግን "ቦታ ያዘ" ብለው ታንከሩን አስነቅለው ይጥሉና በዓመቱ የባትሪ ዋጋ ይጠይቃሉ። ጋዝ ያለው ቤት ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ጋዝ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ኤሌክትሪክም ስለሚረክስ ውሃውን በጋዝ ማሞቁ ይሻለዋል።

አንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ "ለአዲስ አበባ ቤተሰቦቼ ባትሪ ልላክላቸው፣ ሂሳባቸው ይቀንስ" ይላል። አይቀንስም። እዚያ የቤት ደንበኛ የሚከፍለው በወር በቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት እርከን ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የተሞላ ባትሪና ከቀኑ ስምንት ሰዓት የተሞላ ባትሪ እኩል ያስከፍላሉ። ብክነቱ ፍጆታውን ስለሚጨምር እንዲያውም ቤቱን ወደሚቀጥለው እርከን ሊያሻግረው ይችላል። መብራት ሲሄድ ፍሪጁ ውስጥ ያለው እንዳይበላሽና ልጆች እንዲያጠኑ ከተፈለገ ግን ባትሪና ኢንቨርተር ዋጋቸው ይገባቸዋል፤ መጠኑም የሚመረጠው መብራት ጠፍቶ በሚቆይበት ሰዓት ልክ ነው።