ለደብረ ብርሃን አፕል የትኛው ሩትስቶክ?
የአፕል ዛፍ ቁመትና ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ዝርያው በሚዳቀልበት ሥር ሰጪ ተክል፣ በሩትስቶኩ ነው። ኤም 9 የተባለው ሩትስቶክ ዛፉን ያሳጥራል፣ ፈጥኖም ያፈራል፤ ሥሩ ደካማ ስለሆነ ግን ዕድሜውን ሙሉ ድጋፍ ይሻል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ነፋሻማ ደብረ ብርሃን አይመከርም። ኤምኤም 106 ምርታማ ነው። ጠላቱ የተኛ ውሃ ነው፤ ክረምት ውሃ በሚቋጥር መረሬ አፈር ላይ የግንዱ አንገት ይበሰብስና ለዓመታት የተለፋበት ዛፍ ይደርቃል። ስለዚህ ኤምኤም 106 ውሃ ለማይተኛበት የአንኮበር ዓይነት ተዳፋት ይቆይ። ኤምኤም 111 ዘግይቶ ቢያፈራም ድርቅንና ልዩ ልዩ አፈርን ይችላል፤ ለረጅም ዕድሜ የሚመረጠው እሱ ነው። ሲተከል ድቅሉ የተጋጠመበት ቦታ ከአፈር በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ የላይኛው ዝርያ የራሱን ሥር ያወጣና የሩትስቶኩ ጥቅም ይቀራል።